ብቸኛው መስመር፦ የቴሌ የገበያ የበላይነት ታሪክ ከጨንቻ ደጋ እስከ አርባ ምንጭ

የገበያ የበላይነት በዓለም መድረክ በስፋት የሚነሣው ጎግልን፣ አፕልን፣ አማዞንንና ሜታን ከመሰሉ ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጋር ተያይዞ ነው። ክርክሩም በአብዛኛው በፉክክር ውስጥ ያደገ አንድ ድርጅት ያገኘውን ብልጫ ሌላው እንዳይደርስበት በር ለመዝጋት ተጠቅሞበታል ወይስ አልተጠቀመበትም በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል። በኢትዮጵያ የቴክኖሎጂ ገበያ የታየው የበላይነት ግን ምንጩ ከዚህ የተለየ ነው። አገልግሎቱ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ የቆየ በመሆኑ፣ በኋላ በአዋጅም የተደነገገ በመሆኑ፣ በገበያው ውስጥ የተሸነፈ ተፎካካሪ ሊኖር ቀርቶ ለመፎካከር የተፈቀደለትም አልነበረም። የዚህን ታሪክ ሂደት በጋሞ ዞን፣ ማለትም ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ጉጌ ተራራ በሚዘልቀው ምድር ላይ ቆሞ መመርመር የተለየ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም የስልክ መስመር ወይም የሞባይል ማማ የት እንደሚተከልና የት እንደማይተከል የሚወስነው ማን እንደሆነ ከዋና ከተማ ይልቅ በተራራማ ጠረፍ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የኢትዮጵያ ስልክ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 1894 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ሥራ ተጀመረ። በአሜሪካ ደግሞ የአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ዋና ዋና የፈጠራ መብቶች እ.ኤ.አ. በ1893 እና በ1894 ዘመናቸው ስላበቃ፣ እስከዚያ ድረስ ብቻውን የነበረው የቤል ኩባንያ በየከተማው በሚቋቋሙ ነጻ የስልክ ኩባንያዎች ተከበበ። አንደኛው አገር ውድድርን በጀመረበት ዓመት ሌላኛው ብቸኛ መስመሩን መዘርጋት ጀመረ ማለት ነው። የቤል ኩባንያ ለአዲሶቹ ተፎካካሪዎች የሰጠው ምላሽ ግን ከዚያ ወዲህ ለተነሡት የበላይነት ክርክሮች ሁሉ መነሻ ሊባል የሚችል ነው፤ ዋጋ ከመቀነሱ በተጨማሪ የእነርሱን ደንበኞች ከራሱ መስመር ጋር ለማገናኘት ፈቃደኛ አልሆነም። ስለዚህ በብዙ ከተሞች የነበሩ ነጋዴዎች ከሁሉም ደንበኞቻቸው ጋር ለመነጋገር የሁለት ኩባንያዎችን ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጠው ለሁለቱም ይከፍሉ ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው «የኔትወርክ ጥቅም» የሚባለው ነው፤ አንድ ስልክ ለባለቤቱ ያለው ዋጋ የሚለካው በስልኩ ጥራት ሳይሆን በእርሱ አማካይነት በሚደርስባቸው ሰዎች ብዛት በመሆኑ፣ ብዙ ደንበኛ ያለው ድርጅት ምንም ሳያደርግ ተጨማሪ ደንበኛ ይስባል፣ ጥቂት ያለው ደግሞ ምንም ቢደክም ይቸገራል። ሁለተኛው «የኔትወርክ ትስስር» ይባላል፤ የአንዱ ድርጅት ደንበኛ ለሌላው ድርጅት ደንበኛ መደወል እንዲችል ሁለቱ ድርጅቶች መስመራቸውን በስምምነት ማያያዛቸው ሲሆን፣ ትስስር በሌለበት ቦታ የኔትወርክ ጥቅም ሙሉ በሙሉ ለትልቁ ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት ኤቲ ኤንድ ቲ የሚል ስም የያዘውን የቤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1913 ከነጻ ኩባንያዎች ጋር እንዲተሳሰር አስማማው፤ ኩባንያው ግን ከዚያ በኋላም ለሰባ ዓመት ያህል ሳይነካ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1984 በክስ ምክንያት ከአካባቢያዊ የስልክ ሥራው ተለይቶ ሰባት ክልላዊ ኩባንያዎች ራሳቸውን ችለው ወጡ።

በኢትዮጵያ የስልክ መስመር የተከተለው ንግድን ሳይሆን አስተዳደርን ነበር፤ መስመሩ የሚደርሰው ገዥ ከሚቀመጥበት፣ ግብር ከሚሰበሰብበትና ወሬ በፍጥነት ሊደርስ ከሚገባው ቦታ ሲሆን፣ ተራው ሰው ደግሞ ከቢሮው ለተረፈው አገልግሎት ወረፋ ይጠብቃል። በጋሞ ደጋ ይህ ማዕከል ጨንቻ ነበረች። በዘመኑ አጠራር የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረችው ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ጉምና ብርድ የማይለያት ከተማ ስትሆን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ዋና ከተማነቱ ወደ ቆላው ወርዶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ተቆረቆረችው አርባ ምንጭ ሲዛወር፣ ቢሮውም፣ መንገዱም፣ የመገናኛውም አገልግሎት ተከትሎ ወረደ። ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሰፈሩት የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋ ልጆች በዚያ ዘመን ለቤተሰብ ገንዘብም ሆነ መልእክት የሚልኩት ለበዓል ወደ አገር ቤት በሚመለስ የአገር ልጅ እጅ እንጂ በሽቦ አልነበረም።

ተቋማዊው ብቸኝነት መልክ የያዘው በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 131 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1951 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ያበደረ ሲሆን፣ አበዳሪው የሚፈልገውም ሒሳቡ ከመንግሥት በጀት ተለይቶ በንግድ ሥርዓት የሚመራ ተቋም ነበር። ለዚያ ዘመን አስተሳሰብ አንድ ተቋም ብቻ መኖሩ ጉድለት ሆኖ አልታየም። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት «ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ» የሚሉት ሐሳብ፣ ማለትም የመጀመሪያው ወጪ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ሁለት ድርጅቶች በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ምሰሶ ከሚተክሉ አንዱ ብቻ ተክሎ ሁሉን ቢያገለግል ይረክሳል የሚለው ክርክር፣ በአውሮፓም ሆነ በአፍሪካ የጸና እምነት ነበርና። ክርክሩ ፍሬ ነገር እንዳለውም አለመካድ ተገቢ ነው፤ ሐሳቡ በተግባር ሲውል ከአዲስ አበባና ከዓለም አቀፍ ጥሪ የሚገኘው ትርፍ ገቢ የማይመልሱትን የገጠር መስመሮች ይሸፍናል፣ በትርፍ ብቻ ቢሰላ ደግሞ በጋሞ ደጋ ላይ ምሰሶ የሚተክል ባለሀብት ለማግኘት ረጅም ዘመን መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር።

ከቦርዱ በኋላ የተቋሙ ስም ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ በፍራንስ ቴሌኮም የአስተዳደር ውል ሥር ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ፤ ሕዝቡ ግን በሁሉም ዘመን «ቴሌ» ከማለት አልተለወጠም። ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምሩም፣ ከጎረቤት ኬንያ ጋር ሲነጻጸር ሥርጭቱ አዝጋሚ ነበር፤ ለሲም ካርድ ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ የተለመደበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በአርባ ምንጭ 046 ብሎ የሚጀምረው የመደበኛ ስልክ ቁጥር ለአንድ ቤተሰብ ቋሚ አድራሻና የክብር ምልክት የሆነበት ጊዜ፣ በከተማዋ ሰፈሮች በሲቀላም በሴቻም ሞባይል በእያንዳንዱ ኪስ ከገባበት ጊዜ የሚለየው በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ግምት የተፈረሙት የማስፋፊያ ውሎች ኔትወርኩን ወደ ወረዳ ከተሞች እንዲወርድ አድርገዋል። ከባዱ መሠረተ ልማት የተዘረጋው በብቸኝነት ዘመን፣ በመንግሥት ዋስትና በተገኘ ብድር መሆኑ ለኋላው ክርክር ቁልፍ ነጥብ ነው።

በዚህ ዘመን የወጡት የውድድር ሕጎች ለቴሌ የሰጡት ቦታ ተለይቶ መታየት ይገባዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የንግድ ውድድር ሕግ ሊባል የሚችለው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995 ሲሆን፣ ከወጪ በታች እየሸጡ ተፎካካሪን ማጥፋትን፣ ዋጋ ተስማምቶ መወሰንንና የገበያ የበላይነትን ያለአግባብ መጠቀምን ከልክሏል። አዋጁ ግን በኢንቨስትመንት ሕግ ለመንግሥት ብቻ የተከለሉ ሥራዎችን፣ እንዲሁም ልማትን ለማፋጠን ከፍተኛ ድርሻ አላቸው ተብለው በመንግሥት የሚሰየሙ ድርጅቶችን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጓቸው ነበር፤ ቴሌኮም በተግባር በመንግሥት እጅ ብቻ የነበረ መስክ በመሆኑ፣ በአገሪቱ ትልቁ የገበያ የበላይነት የገበያ የበላይነትን በሚቆጣጠረው ሕግ እንዳይነካ መንገድ ተከፈተለት። በተቃራኒው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከአገልግሎት ሰጪው ውጭ የቴሌኮም መሠረተ ልማት የዘረጋን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት፣ በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠን ሰው ደግሞ ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። በሌላው ዓለም ተፎካካሪ ሆኖ መምጣት ንግድ በሆነበት ዘመን በኢትዮጵያ ወንጀል ሆኖ ቆየ ማለት ማጋነን አይሆንም። በእርግጥ ሕጉ የተነሣው የውጭ ጥሪን በድብቅ መሣሪያ እያስገቡ የአገር ገቢ የሚዘርፉትን ለመቅጣት ነበር፤ ነገር ግን በብቸኛ መስመር ላይ የተመሠረተ ገቢ ምን ያህል በሕግ አጥር መጠበቅ እንደሚያስፈልገው ራሱ አዋጁ ምስክር ነው።

ብቸኝነቱ ከዋጋ በላይ የሆነ ውጤትም ነበረው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ገደማ የቆየ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምትም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፍቶ ነበር። ሁለት ድርጅት ቢኖርም መንግሥት ሁለቱንም ማስዘጋት እንደሚችል እሙን ነው፤ በአንድ ድርጅት ሲሆን ግን ለማዘዝ አንድ ስልክ ይበቃል።

መዋቅሩ መለወጥ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. የፖለቲካ ለውጥ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የጥሪ ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ እንዲቀንስ የተደረገ ሲሆን፣ ገበያው ገና ሳይከፈት እንዲህ ያለ ቅናሽ ማድረግ የተቻለ መሆኑ የቀደመው ዋጋ የወጪ ሳይሆን የብቸኝነት ዋጋ እንደነበር ያመለክታል። በነሐሴ 2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቋቁሞ ገበያውን ለውድድር ከፈተ። በሚያዝያ 2013 ጨረታው ሲከፈት ሁለት ተወዳዳሪዎች ብቻ ቀረቡ፤ ሳፋሪኮም፣ ቮዳፎን፣ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዙ ሲዲሲ የተጣመሩበት ኅብረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። የኤምቲኤን ዋጋ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ውድቅ ሆኖ፣ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሳፋሪኮም ኅብረት ተሰጠ። ሁለት ፈቃድ ለመሸጥ ታስቦ አንድ ብቻ የተሸጠው ጨረታው በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች የታጠረ ስለነበር ጭምር ነው። አንደኛው አዲሱ ድርጅት ማማ የሚያከራዩ ገለልተኛ ኩባንያዎችን መጠቀም ሳይችል ወይ ራሱ እንዲገነባ፣ ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም እንዲከራይ የሚያስገድደው ነበር። ሁለተኛው ለውጭ ድርጅት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት አለመፈቀዱ ሲሆን፣ ክልከላው ከፈቃዱ ሊገኝ የሚችለውን ገቢ እንደቀነሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በይፋ ተናግረዋል።

በእነዚህ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ውስጥ የዛሬው የበላይነት ሙሉ ታሪክ ተጠቃልሏል ማለት ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ሥራ ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም የተፎካካሪው ፈቃድ ከመሰጠቱ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ የሙከራ፣ በመስከረም 2015 በአዲስ አበባ ይፋዊ አገልግሎት ቢጀምርም፣ የክፍያ ሥርዓት ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1282/2015 ተሻሽሎ ኤምፔሳ ለተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ተጨማሪ ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ እስከ ግንቦት 2015 ጠበቀ፤ ለዚህም ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በነሐሴ 2015 አገልግሎቱን አስጀመረ። በመካከሉ ያለፈው ሁለት ዓመት በኔትወርክ ገበያ ውስጥ ከሁለት ዓመት እጅግ የሚበልጥ ዋጋ አለው። አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በዶርዜ ለሚኖሩ ወላጆቹ ገንዘብ የሚልክበትን አገልግሎት የሚመርጠው የላኪው ክፍያ ምን ያህል ነው በሚል ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ በየትኛው ተመዝግቧል፣ ገንዘቡን ጥሬ አድርጎ የሚሰጥ ወኪልስ በቅርብ አለ ወይ በሚል ነው፤ ተቀባዩ አንዴ ከተመዘገበ፣ ባለሱቁም አንዴ ወኪል ከሆነ፣ ላኪውን ከዚያ ማንሣት ከባድ ነው። በዚህ ላይ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመው የነዳጅ ድጎማ በቴሌብር በኩል እንዲፈጸም መደረጉ፣ የመንግሥት ውሳኔ ለመንግሥት ድርጅት ደንበኛ የሚያመጣበትን መንገድ አሳይቷል። የድጎማ ብክነትን ለመቀነስ የታለመ ፖሊሲ እንደነበር አይካድም፤ በሌላ አገር አንድ የግል ኩባንያ በዚህ መልክ ደንበኛ ቢሰጠው ግን የውድድር ባለሥልጣን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም ነበር።

ሆኖም አዲሱን ገቢ ድርጅት ደካማና ንጹሕ ተበዳይ አድርጎ መሳል ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። ሳፋሪኮም በኬንያ ራሱ የበላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 የጀመረው ኤምፔሳ የኬንያን የገንዘብ ዝውውር ከተቆጣጠረ በኋላ ወኪሎቹ የሌላ ድርጅት አገልግሎት እንዳይሰጡ በውል አስሮ ቆይቷል። ተፎካካሪው ኤርቴል ለአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን አቤት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳፋሪኮም ይህን ግዴታ ለማንሣት ተስማማ። ይህ «ብቸኛ ውል» የሚባለው ፀረ ውድድር ተግባር ሲሆን፣ የበላዩ ድርጅት የራሱን ዕቃ ከማሻሻል ይልቅ የሌላውን ዕቃ የሚያደርስ እጅ እንዳይኖር ማድረጉን ይገልጻል። አንድ ድርጅት በአንድ ድንበር በኩል ከሳሽ፣ በሌላው በኩል ተከሳሽ መሆኑ የሚያሳየው ጉዳዩ የድርጅት ጠባይ ሳይሆን የገበያ መዋቅር መሆኑን ነው። ጎግልም በአሜሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በኢንተርኔት ፍለጋ ገበያ ሕገወጥ ሞኖፖሊ አስጠብቋል ተብሎ የተፈረደበት፣ ለስልክ አምራቾችና ለሌሎች ገንዘብ እየከፈለ የእርሱ መፈለጊያ ቀድሞ እንዲጫን ያደረጋቸውን ውሎች መሠረት በማድረግ ነበር፤ በዓይነቱ ከኬንያው የወኪል ውል ብዙም አይርቅም።

ከወኪልና ከሲም ካርድ ይልቅ በጋሞ ዞን የሚከብደው ጉዳይ ግን ማማው ነው። የሞባይል ሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ሸንተረር ሲያጋጥመው ከሸንተረሩ በስተጀርባ ያለው መንደር በጥላ ውስጥ ይቀራል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከሆነው የሐይቆቹ ዳርቻ ተነሥቶ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የጉጌ ተራራ በአጭር ርቀት ውስጥ በሚወጣ መልክዓ ምድር፣ በሜዳ አገር አንድ ማማ የሚሸፍነውን ስፋት ለመሸፈን ብዙ ማማ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ማማ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ጄኔሬተርና ነዳጅ፣ ጥበቃ፣ ሲበላሽም የሚደርስ ባለሙያ ይፈልጋል። በላንቴና በጫኖ ቀበሌዎች፣ ማለትም የአካባቢው ሙዝ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድበት ሜዳማ አካባቢ፣ ሁለተኛ ድርጅት ማማ ቢተክል ወጪውን የሚመልስ ደንበኛ ሊያገኝ ይችላል፤ በቦንኬ ወይም በዲታ ደጋ ግን የሁለተኛው ማማ ሒሳብ በቀላሉ አይወጣም። በመሆኑም ውድድር በአዋጅ በመላ አገሪቱ ቢከፈትም፣ በተግባር ከሜዳው ወደ ተራራው ሲወጣ እየሳሳ ሄዶ በሆነ ከፍታ ላይ የቀድሞው ብቸኝነት እንደነበረ ይቀጥላል።

ለዚህ ችግር የታወቀው መፍትሔ «የመሠረተ ልማት መጋራት» ይባላል፤ አንዱ የተከለውን ማማ ሌላው በኪራይ እንዲጠቀምበት፣ በላዩም የራሱን አንቴና እንዲሰቅል ማድረግ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የትስስርና የመሠረተ ልማት መጋራት ስምምነት የፈረሙ ሲሆን፣ 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው 07 ብሎ ለሚጀምረው ለመደወል አለመቸገሩ አሜሪካውያን ነጋዴዎች ሁለት ስልክ ካስቀመጡበት ዘመን የተወሰደ ትምህርት መኖሩን ያሳያል። የማማው ጉዳይ ግን ከጥሪው ትስስር ይበልጥ ውስብስብ ነው፤ ምክንያቱም ባለማማው የኪራዩን ዋጋ ከፍ ቢያደርገው ወይም ቦታ የለም ቢል ተፎካካሪው ወደዚያ ተራራ ጨርሶ አይወጣም። ደንበኛው ደግሞ የሚያየው የአንዱ ኔትወርክ ሲሠራ የሌላው አለመሥራቱን ብቻ ስለሆነ፣ የተከለከለ ማማ መኖሩን ሳያውቅ አዲሱን ድርጅት «ኔትወርክ የለውም» ብሎ ይተወዋል። የበላይነት ያለአግባብ ጥቅም ላይ የሚውልበት እጅግ ጸጥተኛው መንገድም ይኸው ነው። እነዚያ ማማዎች የተተከሉት በሕዝብ ስም በተወሰደ ብድር በመሆኑ፣ ከሌላ ድርጅት የግል ንብረት ይልቅ ለጋራ ጥቅም መዋላቸውን መጠየቅ ጠንካራ የሞራልም የሕግም መሠረት አለው።

ዳኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ከዚህ አይለይም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን የሚተረጉመው በድርሻ መጠን ሳይሆን በዐቅም ነው፤ አንድ ነጋዴ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ዋጋን ወይም ሌሎች የግብይት ሁኔታዎችን ለመቆጣጠር ወይም ውድድርን ለማጥፋትና በእጅጉ ለመገደብ የሚያስችል ዐቅም ካለው የበላይ ነው፤ የተከለከለውም የበላይ መሆን ሳይሆን የበላይነቱን ያለአግባብ መጠቀም ነው። ትርጓሜው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። በቴሌኮም ዘርፍ የመቆጣጠሩ ሥራ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቢሆንም፣ ተቆጣጣሪውም፣ የኢትዮ ቴሌኮም ባለቤት የሆነው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስም፣ የክፍያ ሥርዓት ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክም ሁሉም የአንድ መንግሥት ክፍሎች ናቸው። በጋሞ ባህላዊ ሥርዓት ሹመት የያዘ ሃላቃ በዱቡሻ፣ ማለትም በሕዝቡ የአደባባይ ሸንጎ ፊት የሚጠየቅ ሲሆን፣ በዘመናዊው የቴሌኮም ቁጥጥር ግን የዋጋ፣ የማማ ኪራይና የትስስር ክፍያ ውሳኔዎች እምብዛም በአደባባይ ሲሟገቱባቸው አይታይም።

መንግሥት በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮምን 10 በመቶ ድርሻ ለኢትዮጵያውያን ለመሸጥ መነሣቱ ባለቤትነቱን በጥቂቱም ቢሆን የሚያሰፋ እርምጃ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው የግዥ መጠን 33 አክሲዮን ሆኖ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ30 ቢሊዮን ብር ለሽያጭ ቀረበ፤ ሽያጩ የካቲት 2017 ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ዋጋውም 3.2 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ የገዙትም ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። ግዥው የተፈጸመው በቴሌብር በኩል መሆኑ ለበላይነት ጥናት የማይታለፍ ዝርዝር ነው፤ የድርጅቱ ድርሻ እንኳ የሚሸጠው በራሱ መስመር ላይ ነበርና። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ጥያቄ አክሲዮን የገዛ ዜጋ ጥቅም በየት በኩል ይቆማል የሚል ነው፤ በአርባ ምንጭ የሚኖር ባለአክሲዮን እንደ ባለድርሻ ድርጅቱ የበላይነቱን አስጠብቆ ብዙ እንዲያተርፍ፣ እንደ ደንበኛ ደግሞ ተፎካካሪ መጥቶ ዋጋ እንዲወርድ ይፈልጋል።

በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም 83.2 ሚሊዮን ደንበኞች እንዳሉት፣ ገቢውም 162 ቢሊዮን ብር እንደደረሰ ሲያስታውቅ፣ የቴሌብር ተጠቃሚዎች ቁጥር ከ54 ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በተመሳሳይ ወቅት 10 ሚሊዮን ገደማ ንቁ ደንበኞች ነበሩት። ሁለቱ ድርጅቶች ደንበኛን የሚቆጥሩበት ዘዴ አንድ ላይሆን ስለሚችልና ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው በሁለቱም መዝገብ ስለሚገባ ቁጥሮቹን ለማወዳደር ጥንቃቄ ያሻል፤ ልዩነቱ ግን በስሌት ዘዴ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ደንበኛ ቁጥሩን ሳይለውጥ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው እንዲዛወር የሚያስችለው፣ «ቁጥር ይዞ መሸጋገር» የሚባለው አሠራር በብዙ አገሮች የበላይነትን ለማላላት ቀዳሚ እርምጃ ተደርጎ የሚወሰድ ሲሆን፣ በተለይ ለዓመታት በአንድ ቁጥር ከደንበኞቹ ጋር ለሚገበያይ የሙዝ ነጋዴ ወይም የዓሣ አቅራቢ ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ የሚመዝን ነው፤ ቁጥሩ የንግድ ስሙ ነውና። በተራራው ላይ ላሉት ቀበሌዎች ግን ቁጥር ይዞ መሸጋገርም ቢሆን የሚጠቅመው የሚሸጋገሩበት ሁለተኛ ኔትወርክ በዚያ ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ለእነርሱ የውድድሩ ጥያቄ ወደ ማማ ኪራይ ውሉ ይመለሳል፦ ኪራዩ በምን ስሌት ይወሰናል፣ ባለማማው እምቢ ቢል ስንት ቀን ይሰጠዋል፣ አለመግባባቱንስ ማን በምን ጊዜ ገደብ ይፈታዋል።